ተከታታይ የግል መርማሪ ልብ ወለዶችን ስለማንበብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በአያት፣ በየካ አባዶ፣ በቱሉ ዲምቱና በኮየ ፈጬ አካባቢ መጽሐፍ እየተዋዋስን በምናነብ ሰዎች መካከል ደጋግመው የሚነሡ ናቸው።

የግል መርማሪ ልብ ወለድ የሚባለው ምን ዓይነት ነው?

ዋናው ገጸ ባሕርይ ከፖሊስ ደመወዝ የማይቆረጥለት፣ በአንድ ደንበኛ ተቀጥሮ የተሰወረ ነገር የሚፈልግ ሰው ሲሆን ልብ ወለዱ የግል መርማሪ ልብ ወለድ ይባላል። የሚፈለገው የጠፋ ሰው፣ የተሰረቀ ንብረት፣ የማስፈራሪያ ደብዳቤ ጸሐፊ ወይም ፖሊስ «ራሱን አጠፋ» ብሎ የዘጋው ሞት ሊሆን ይችላል። መርማሪው ማሰር አይችልም፤ ቤት ለመበርበር የፍርድ ቤት ትእዛዝ አይሰጠውም፤ የሚጠይቀው ሰውም መልስ የመስጠት ግዴታ የለበትም። የእነዚህ ልብ ወለዶች ጣዕም በአብዛኛው የሚመነጨው ከዚህ የአቅም ማነስ ነው። ሥልጣን የሌለው ሰው እውነትን የሚያወጣው በትዕግሥት፣ በማግባባት፣ በማስመሰል፣ አንዳንዴም በዱላ ነው፤ ዱላው የሚያርፈው ግን ብዙውን ጊዜ በራሱ በመርማሪው ላይ ነው።

ኤድጋር አለን ፖ እ.ኤ.አ. በ1841 ባሳተመው አጭር ልብ ወለድ ፖሊስ ያልሆነ አንድ የፓሪስ ነዋሪ ግድያ እንዲፈታ አደረገ፤ አርተር ኮናን ዶይል በ1887 ሼርሎክ ሆምስን ይዞ ብቅ አለ። ዳሽል ሃሜት ደግሞ ፒንከርተን በተባለው የአሜሪካ የግል ምርመራ ድርጅት ውስጥ ራሱ ሠርቶ ስለነበር፣ ያየውንና የሰማውን ወደ ልብ ወለድ ሲያመጣ መርማሪው ከሳሎን ወጥቶ ጎዳና ላይ ዋለ። በ1939 በመጀመሪያው ረጅም ልብ ወለድ የቀረበው የሬይመንድ ቻንድለር የሎስ አንጀለስ መርማሪ ብቸኛ፣ ተረበኛ፣ ገንዘብ የማይበረክትለት ሆኖም በገንዘብ የማይገዛ ሰው ነው፤ ዛሬ የምናነባቸው አብዛኞቹ ተከታታዮች ከእርሱ ጋር ሥጋ ዘመድ ናቸው።

ልብ አንጠልጣይ ከሚባለው ጋር አንድ ነው?

ሙሉ በሙሉ አንድ አይደለም። በጥንቱ የምርመራ ልብ ወለድ ወንጀሉ ተፈጽሞ አልቋል፤ አንባቢው የሚጠይቀው «ማን አደረገው?» ብሎ ነው። በልብ አንጠልጣዩ ግን አደጋው ገና ከፊት አለ፤ ጥያቄው «አሁን ምን ሊመጣ ነው?» የሚል ይሆናል። የዛሬዎቹ ተከታታዮች ሁለቱን ስለሚያዳቅሉ መጀመሪያ ላይ ያለፈውን የሚቆፍረው መርማሪ መጽሐፉ ሲጋመስ ራሱ ታዳኝ ሆኖ ይገኛል።

በአንድ ተከታታይ ውስጥ ያሉት መጻሕፍት አንድ ታሪክ ናቸው ወይስ እያንዳንዱ ራሱን የቻለ ነው?

ጉዳዩ በየመጽሐፉ ያልቃል፣ የመርማሪው ሕይወት ግን አያልቅም። በአንደኛው መጽሐፍ የተፈታ ግድያ በሁለተኛው ተመልሶ አይፈታም፤ ነገር ግን በአንደኛው የፈረሰ ትዳር፣ የተገዛ አሮጌ መኪና፣ የተቀየመ የፖሊስ ወዳጅ ወይም በጥይት የቆሰለ ትከሻ በአምስተኛውም ይኖራል። ስለዚህ ጉዳዩን ለብቻ፣ ሰውየውን ለብቻ መከታተል የሚችል አንባቢ ከተከታታይ የበለጠውን ያገኛል።

ከዚህ ልማድ የሚወጡ ተከታታዮችም አሉ። በአንዳንዶቹ ከትንንሾቹ ጉዳዮች ጀርባ አንድ ትልቅ ጠላት ወይም ያልተፈታ የቤተሰብ ሞት ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ እየተንከባለለ ይሄዳል። እነዚህን ከመካከል መጀመር ኪሳራ ነው። የጀርባ ሽፋኑን ጽሑፍ ሲያነቡ የመርማሪው የራሱ ቁስል ከደንበኛው ጉዳይ በላይ ከተወራ መጽሐፉ ከዚህ ወገን መሆኑን መገመት ይቻላል።

ከየትኛው መጽሐፍ ልጀምር? የመጀመሪያው ባይገኝስ?

የመጀመሪያው ከተገኘ ከእርሱ ይጀምሩ፤ ከዚያም በታተሙበት ቅደም ተከተል ይቀጥሉ። አንዳንድ አንባቢዎች ታሪኩ የሚፈጸምበትን ዘመን መከተል ስለሚመርጡ ደራሲው ዘግይቶ የጻፈውንና የመርማሪውን ወጣትነት የሚተርከውን መጽሐፍ ያስቀድማሉ። ይህን አልመክርም። እንዲህ ያለ መጽሐፍ የሚጻፈው መርማሪውን አስቀድሞ ለሚያውቅ አንባቢ ስለሆነ፣ አዲስ ሰው ሲያነበው ግማሹ ጣዕም ያመልጠዋል።

የመጀመሪያው ካልተገኘ፣ እኛ ጋ እንደሚታወቀው ብዙ ጊዜ አይገኝም፣ ሦስተኛውን ወይም አራተኛውን መያዝ አይጎዳም። እንዲያውም ብዙ ደራስያን መርማሪያቸውን በደንብ የሚያውቁት ከሁለት ከሦስት መጽሐፍ በኋላ ነውና በመካከል የገባ አንባቢ የተሻለውን ሥራ ቀድሞ ሊያገኝ ይችላል። መቅደም የሌለበት የመጨረሻው መጽሐፍ ነው፤ በተለይም ሽፋኑ ላይ የመርማሪው ስንብት እንደሆነ የሚናገር ከሆነ።

ቅደም ተከተሉን ለማወቅ ከርዕሱ ገጽ ጀርባ ያለውን የኅትመት መረጃ ማየት በቂ ነው፤ ሆኖም የመጀመሪያውን የኅትመት ዓመት ከድጋሚ ኅትመት ዓመት መለየት ያስፈልጋል። የደራሲው መጻሕፍት ዝርዝር አንዳንዴ በፊደል ተራ፣ አንዳንዴም ከአዲሱ ወደ አሮጌው ስለሚደረደር ብቻውን አይታመንም። ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ የሚገዛ ሰው ሁለት ወጥመዶችን ይጠብቅ፦ አንደኛው፣ አንድ ልብ ወለድ በለንደንና በኒው ዮርክ በተለያየ ርዕስ ሊታተም መቻሉ ነው፤ የእንግሊዛዊቷ ደራሲ የአጋታ ክሪስቲ በርካታ ሥራዎች እንዲህ ሆነዋል፣ አንባቢም አንዱን መጽሐፍ ሁለቴ ገዝቷል። ሁለተኛው፣ ለእንግሊዝኛ ተማሪዎች ተቆርጦ የተዘጋጀ ቀጭን ቅጂ ነው፤ ፍንጮቹ ከቃላቱ ጋር አብረው ተቆርጠው ስለሚወጡ እንቆቅልሹ ይበላሻል።

ተከታታዩ ገና አልተጠናቀቀም። እስኪያልቅ ልጠብቅ?

አይጠብቁ። ጉዳዩ በየመጽሐፉ ስለሚዘጋ አንባቢው ተንጠልጥሎ የሚቀረው ጥቂት ነው። አንድ ደራሲ ሃያና ሠላሳ ዓመት በሚጽፈው ተከታታይ ላይ መጨረሻውን መጠበቅ ማለት ደግሞ ላለማንበብ መወሰን ነው። በዚያ ላይ ያላለቀ ተከታታይ የተለየ ደስታ አለው፤ በሁለት መጻሕፍት መካከል ባለው ጊዜ አንባቢው የራሱን ግምት ይገነባል፣ ከሌሎች ጋር ይከራከራል። ሁሉንም በተከታታይ ቅዳሜና እሑድ የሚጨርስ ሰው ይህን አያገኝም፤ የደራሲውንም ልማዶች ቶሎ ይነቃባቸዋልና ይሰለቻል። በሁለት መጻሕፍት መካከል ሌላ ዓይነት ንባብ ማስገባት ጥሩ ነው።

በከተማዋ ዳርቻ የሚኖር ሰው መጻሕፍቱን ከየት ያገኛል?

በኮንዶሚኒየሞቻችን ሥር ካሉት ሱቆች መካከል ፀጉር ቤት፣ ፋርማሲ፣ ካፌና ሥጋ ቤት ይበዛሉ፤ መጽሐፍ የሚሸጥ ብርቅ ነው። ስለዚህ ለሥራ ወይም ለጉዳይ ወደ መሀል ከተማ የሚወርድ ሰው ጉዞውን ለመጽሐፍም ማዋል አለበት። በአራት ኪሎ፣ በለገሃርና በብሔራዊ ቴአትር አካባቢ በመደብርም በመንገድ ዳርም አሮጌ የእንግሊዝኛ ልብ ወለዶች ይገኛሉ፤ አዟሪዎቹ መጽሐፉን በርዕስ ባያውቁት እንኳ በደራሲ ስም ሲጠየቁ ብዙ ጊዜ ያመጣሉ። ለመግዛት የማይችል ሰው በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ የተከፈተውን አብርሆት ቤተ መጻሕፍትን፣ ወይም በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመውንና ወመዘክር እያልን የምንጠራውን ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት መሞከር ይችላል፤ ቀን ሙሉ ለመቀመጥ ግን ከዳርቻ በጠዋት መነሣት ይጠይቃል።

ቀድሞ በየሰፈሩ መያዣ ተቀብለው መጽሐፍ በቀን ሒሳብ የሚያከራዩ ሰዎች ነበሩ፤ ልብ አንጠልጣይ ልብ ወለድን ለአገራችን አንባቢ በብዛት ያደረሱት እነርሱ ናቸው ማለት ይቻላል። ያ ልማድ በአዲሶቹ ሰፈሮች አልተተከለም። እኛ በምትኩ እንዋዋሳለን። ለተከታታይ መጻሕፍት የሚበጀው አንድ ሰው አንድን ተከታታይ እንዲሰበስብ መስማማት ነው፤ ያለበለዚያ የሁሉም መደርደሪያ በተበታተኑ ቅጾች ይሞላል። የተዋሰው ሰው ስምና ስልክ በደብተር ይመዝገብ። የሚጠፋው ሁልጊዜ መካከለኛው ቅጽ ነውና ለእርሱ መያዣ መጠየቅ እንደ ነውር ሊታይ አይገባም።

ሚኒባስ ወይም ባቡር ውስጥ ሳነብ ስሞቹ ይምታቱብኛል። ምን ላድርግ?

ችግሩ የአንባቢው ብቻ አይደለም። የዚህ ዓይነት ልብ ወለድ በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች አሥርና አሥራ ሁለት ሰዎችን በፍጥነት ያስተዋውቃል፤ የውጭ ስሞች ደግሞ ለጆሯችን ቶሎ አይለዩም። ዘዴው ቀላል ነው፦ በዕልባትነት በሚያገለግል ወረቀት ላይ ስሙንና አንድ መለያ ብቻ መጻፍ፤ «የደንበኛዋ ወንድም፣ ዕዳ ያለበት» ማለት ይበቃል። ወረቀቱ ከዕልባትነትም አልፎ የተጠርጣሪዎች መዝገብ ይሆናል።

የጉዞውን ርዝመት በተመለከተ፣ ከአያት ተነሥቶ በመገናኛ በኩል እስከ ጦር ኃይሎች በሚዘልቀው ባቡር ላይ ቦታ ያገኘ ሰው ሁለት ሦስት ምዕራፍ ሊጨርስ ይችላል፤ በሚኒባስ ግን ረዳቱ ሒሳብ ሲጠይቅና ሰው ሲወርድ ሲወጣ ሐሳብ ይቆራረጣል። ለሚኒባስ አጫጭር ምዕራፍ ያላቸውን ፈጣን መጻሕፍት፣ ለቤት ደግሞ ፍንጭ በዝርዝር የሚደረደርባቸውን መያዝ ይበጃል። ፍጻሜውን ከሥራ ሲመለሱ በደከመ ዓይን ማንበብ የመጽሐፉን ትልቁን ክፍያ ማባከን ነው፤ የመጨረሻዎቹ ሃምሳ ገጾች ለእሑድ ይቆዩ።

በእንግሊዝኛ ላንብብ ወይስ በአማርኛ ትርጉም?

የቻለ በሁለቱም ያንብብ፤ መምረጥ ግድ ከሆነ ለጥንቱ የእንቆቅልሽ ዓይነት ትርጉም ይበቃል፣ ለአሜሪካኖቹ የጎዳና መርማሪዎች ግን የመጀመሪያው ቋንቋ ይመረጣል። ምክንያቱም በእንቆቅልሹ ወገን ፍንጩ በነገሩ ውስጥ ነው፤ የቆመ ሰዓት፣ ያልተነካ ስኒ፣ የተቃጠለ ደብዳቤ በማንኛውም ቋንቋ ያው ነው። በጎዳናው ወገን ግን ደስታው በአነጋገሩ ውስጥ ነው፤ መርማሪው ባለሥልጣንን የሚሸነቁጥበት፣ ወሮበላው የሚዝትበት ቋንቋ ወደ ጨዋ የመጽሐፍ አማርኛ ሲገለበጥ ጥርሱን ያጣል። አንድ ጎበዝ ተርጓሚ የአራዳን ቋንቋ በልክ ቢጠቀም ይህን ሊያድነው እንደሚችል አምናለሁ።

አማርኛ ለዚህ ዘርፍ እንግዳ አይደለም። ይልማ ሀብተየስ በወንጀል ምርመራ ልብ ወለዶቻቸው፣ ማሞ ውድነህ ደግሞ በተረጎሟቸው የስለላ ታሪኮች አንድ ሙሉ ትውልድ አንባቢን አስለምደዋል። በእነርሱ የጀመረ ሰው እንደ «ተጠርጣሪ»፣ «ፍንጭ»፣ «ክትትል» ያሉት ቃላት በልብ ወለድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ እንዴት እንደሚመላለሱ ስለሚያውቅ ወደ ውጭዎቹ ሲሻገር አይቸገርም።

በቴሌግራም የሚዘዋወረውን ፒዲኤፍ ባነብስ?

የአገራችንን ደራሲ ወይም ተርጓሚ ሥራ ያለ ፈቃድ ማባዛትና ማሰራጨት በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የተከለከለ ነው። ጥበቃው ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል፤ ትርጉምም ራሱን የቻለ ሥራ ሆኖ ይጠበቃል። ከሕጉ ባሻገር በተከታታይ ላይ ጉዳቱ የበለጠ ነው፤ ሁለተኛው ቅጽ የሚታተመው አንደኛው ሲሸጥ ነውና። በአማርኛ ተጀምረው በአንደኛው መጽሐፍ የቀሩ የመርማሪ ተከታታዮች ሲያሳዝኑን «ለምን ቀረ?» ብለን ከመጠየቃችን በፊት ስንቶቻችን ገዝተን እንዳነበብን እናስብ። በተግባር ደግሞ እነዚያ ፋይሎች በስልክ ካሜራ የተነሡ በመሆናቸው ገጽ ይጎድላቸዋል፤ በምርመራ ልብ ወለድ ደግሞ አንድ ገጽ የጎደለው መጽሐፍ መርዙ የተደፋበትን ስኒ ሊያሳጣን ይችላል።

ለልጆች ይሆናል?

ብዙዎቹ አይሆኑም፤ ግድያው በዝርዝር ይነገራል፣ ሴቶች የሚጠቁባቸው ትዕይንቶች ይበዛሉ። ለወጣት አንባቢ ሆምስን፣ ወይም አሌክሳንደር ማኮል ስሚዝ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ የሚጽፈውን፣ በቦትስዋና መዲና በጋቦሮን የሴት መርማሪ ቢሮ ከፍታ የምትሠራውን የፕሪሸስ ራሞትስዌን ተከታታይ መስጠት ይሻላል። ሴትዮዋ ቢሮውን የከፈተችው ከአባቷ የወረሰችውን ከብት ሸጣ ነው፤ የሚመጡላት ጉዳዮችም አብዛኞቹ የጠፋ ባል፣ የተጠረጠረ ሠራተኛ፣ የተካደ ቃል ናቸው።

ገዳዩን ከመርማሪው ቀድሜ ማወቅ ይጠበቅብኛል?

በአንዱ ወገን አዎ፣ በሌላው የለም። እ.ኤ.አ. በ1929 ሮናልድ ኖክስ የተባለው እንግሊዛዊ ቄስና ደራሲ ለምርመራ ልብ ወለድ አሥር ሕጎች አወጣ፤ ወንጀለኛው በታሪኩ መጀመሪያ አካባቢ የተጠቀሰ ሰው መሆን አለበት፣ መርማሪው ያገኘውን ፍንጭ ለአንባቢው መደበቅ የለበትም፣ ከተፈጥሮ በላይ የሆነ ኃይል መፍትሔ ሊሆን አይችልም የሚሉ ይገኙባቸዋል። በዚህ ደንብ የተጻፈ መጽሐፍ ከአንባቢው ጋር ውድድር የገባ ነውና መገመት ተገቢ ነው፤ ደራሲው ቢያጭበረብር መቀየምም መብት ነው።

የግል መርማሪው ጎዳና ላይ ከወጣ በኋላ ግን ውድድሩ ላላ። በእነዚህ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ ገዳዩን ከመጽሐፉ እኩሌታ ጀምሮ መጠርጠር ይቻላል፤ ውጥረቱ ያለው መርማሪው ይህን ሲያውቅ ምን ያደርጋል፣ ማንን ያጣል በሚለው ላይ ነው። «ገና በመቶኛው ገጽ አወቅሁት» ብሎ መጽሐፉን የሚያጣጥል ሰው መጽሐፉ ያልጠየቀውን ጥያቄ መልሶ ይኩራራል። መገመት ለሚወድ ግን አንድ ምክር አለኝ፦ አልቃሹን ሳይሆን አጋዡን ይመልከቱ። ያለ ምክንያት መርማሪውን የሚረዳ፣ መኪና የሚያውሰው፣ ሰነድ የሚያቀብለው ደግ ሰው በአምስት መጻሕፍት ውስጥ ቢያንስ በሁለቱ ንጹሕ አይደለም።

ሃያ ዓመት ሲታተም መርማሪው ለምን አያረጅም?

ደራስያን ለዚህ የተለያየ መላ አላቸው። አጋታ ክሪስቲ መርማሪዋን ኤርኩል ፖይሮን እ.ኤ.አ. በ1920 ስታስተዋውቀው ከቤልጂየም ፖሊስ ጡረታ የወጣ ሰው አድርጋ ነበር፤ የመጨረሻው መጽሐፍ በ1975 ሲታተም በሒሳብ ከመቶ ዓመት ማለፍ ነበረበት። ኒው ዮርክ ታይምስ በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር የፖይሮን ሞት እንደ እውነተኛ ሰው ዜና ዕረፍት በፊት ገጹ አትሟል። አሜሪካዊቷ ደራሲ ሱ ግራፍተን ደግሞ ሰዓቱን አቆመችው፤ እ.ኤ.አ. በ1982 የጀመረችውን ተከታታይ በ2017 ስትጽፍ እንኳ መርማሪዋ ገና በ1980ዎቹ ውስጥ ነበረች። ይህን የማያውቅ አንባቢ በ2017 የታተመ መጽሐፍ ላይ መርማሪዋ ለምን ተንቀሳቃሽ ስልክ አትይዝም ብሎ ይገረማል።

የእኔ ምርጫ መርማሪው ከአንባቢው ጋር የሚያረጅበት ነው። ጉልበቱ የሚከዳው፣ ደረጃ ሲወጣ የሚያለከልክ፣ የድሮ ወዳጆቹን እየቀበረ የሚሄድ መርማሪ አደጋው እውነተኛ ይሆናል፤ የማያረጀው ግን እንደማይሞት ስለምናውቅ ሽጉጥ ቢደገንበትም ገጹን ተረጋግተን እንገልጣለን።

እኛ አገር እንዲህ ያለ ብቸኛ መርማሪ የማይመስል የሚሆነው ለምንድን ነው?

የሕጉ ምክንያት ግልጽ ነው፤ በኢትዮጵያ የወንጀል ምርመራ የፖሊስ ሥራ ነው። በካሊፎርኒያ ግን የግል መርማሪነት ፈቃድ የሚሰጥበት ሙያ ነው፤ ፈቃዱን ለማግኘት በተለምዶ የሦስት ዓመት ወይም የ6,000 ሰዓት የምርመራ ሥራ ልምድ ይጠየቃል። በልብ ወለዶቹ ውስጥ መርማሪው ፖሊስ ፈቃዱን እንዳያስነጥቀው ሲጨነቅ የምናየው ለዚህ ነው፤ ይህን ያላወቀ አንባቢ ፍርሃቱ አይገባውም።

ከሕጉ የበለጠው ምክንያት ግን የልማድ ይመስለኛል። በቀድሞው የገጠር ሥርዓት ሌባ ወይም ነፍሰ ገዳይ ሲታጣ የአካባቢው ሰው በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ ይቀመጥ ነበር። ጥፋተኛው እስኪታወቅ ድረስ ሰው ወደ ሥራው አይሰናበትም፤ ሳይታወቅ ከቀረ ጉዳቱን ነዋሪው አዋጥቶ እንዲከፍል ይደረግ ነበር። የሚያውቅ ሰው ወፍ ሆኖ፣ ማለትም ማንነቱ ሳይገለጥ፣ በምስጢር ይናገራል። የዚህ ሥርዓት መነሻ ሐሳብ በመካከላችን የሚያውቅ ሰው አይጠፋም የሚል ነው፤ ችግሩ የሚያውቀውን ማናገር ብቻ ነው። የግል መርማሪ ልብ ወለድ ከዚህ ተቃራኒ ይነሣል፦ ማንም ሙሉውን አያውቅም፤ እያንዳንዱ ሰው በተዘጋ በር ጀርባ አንድ ቁራጭ ይዟል፣ ቁራጮቹን የሚያገናኘው ደግሞ ከማንም ወገን ያልሆነ ተከፋይ እንግዳ ነው።

ስለዚህ ዘርፉ ጎረቤት ከጎረቤት የማይተዋወቅበት ከተማ ልጅ ነው፤ ዳርቻችን ደግሞ ወደዚያ እየሄደ ነው። ከተለያየ ሰፈር በዕጣ የመጣ ሰው በአንድ ሕንፃ ሲኖር ጎረቤቱን በብሎክና በቤት ቁጥር እንጂ በአባቱ ስም አያውቀውም፤ ዕድሩ እስኪጠናከር ድረስ ማን ከማን ጋር እንደሚኖር የሚያውቀው ምናልባት ጥበቃው ብቻ ነው። በሌሊት ያልተጠናቀቁትን ሕንፃዎች አልፎ ወደ ቤቱ የሚገባ የኮየ ፈጬ ነዋሪ የቻንድለርን ሎስ አንጀለስ ከመርካቶ ልጅ ይልቅ ቶሎ ይረዳል ብዬ አስባለሁ። አንድ አማርኛ ጸሐፊ የግል መርማሪ ሊፈጥር ቢያስብ ዘመናዊ ቢሮ መሀል ቦሌ ከሚያከራየው ይልቅ በእነዚህ ሰፈሮች ያለ ጡረተኛ ፖሊስ፣ የቤት ደላላ ወይም የውል ጸሐፊ ቢያደርገው ይታመንለታል፤ እነርሱ ለማንኛውም በር የሚያንኳኩበት ምክንያት አላቸውና።

መርማሪው ሲዋሽና በር ሰብሮ ሲገባ ከእርሱ ጋር መወገኔ ልክ ነው?

ደራሲው የሚፈልገው እንድንወግንና እንዲቆረቁረን ነው። የተሻሉት ተከታታዮች ሕግ መጣሱን በነጻ አያሳልፉትም፤ በተሰበረ በር የተገኘ ማስረጃ ፍርድ ቤት አይቀርብም፣ የተታለለችው ምስክር በሚቀጥለው መጽሐፍ አትረዳውም፣ የደበቀው እውነት ንጹሕ ሰው ያሳስራል። ደካሞቹ ግን መርማሪው ያደረገው ሁሉ በመጨረሻው ምዕራፍ ትክክል ሆኖ እንዲገኝ ያደርጋሉ። በተለይ ሰው ደብድቦ ማናገርን ያለ ወጪ የሚያቀርብ ተከታታይ ሲያጋጥመኝ ሁለተኛውን ቅጽ አልዋስም፤ ሰው ተደብድቦ ያልሠራውን ሊያምን እንደሚችል ለማወቅ ልብ ወለድ አያስፈልገንም።

ደራሲው ቢሞት ወይም መጻፍ ቢያቆም ተከታታዩ ምን ይሆናል?

ሦስት መንገድ ታይቷል፦ ደራሲው ራሱ ይመለስበታል፣ ሌላ ሰው ይቀጥለዋል፣ ወይም ሳያልቅ ይቀራል። ኮናን ዶይል ሆምስ ስለሰለቸው እ.ኤ.አ. በ1893 ከፏፏቴ አፋፍ አስወድቆ ገደለው፤ አንባቢው አልተቀበለውም፣ ገንዘቡም ጠራ፣ በ1903 ሳይሞት ቀርቶ ነበር ብሎ መለሰው። በመጨረሻ 4 ረጃጅም ልብ ወለዶችና 56 አጫጭር ታሪኮች ተጻፉለት። ክሪስቲ የፖይሮን የመጨረሻ መጽሐፍ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ጽፋ ለዓመታት ቆልፋበት ነበር፤ ከእርሷ ሞት በኋላ ደግሞ ሶፊ ሃና በቤተሰቡ ፈቃድ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ አዳዲስ የፖይሮ ልብ ወለዶችን ጽፋለች። ግራፍተን እያንዳንዱን መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ እየሰየመች ሃያ አምስተኛው ፊደል ላይ ደርሳ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 ዐረፈች፤ ቤተሰቧም ሌላ ሰው እንዲጨርሰው አልፈቀደም። የመጨረሻው ፊደል ባዶውን ቀረ።

በሌላ እጅ የተቀጠለን ተከታታይ ማንበብ ኃጢአት አይደለም፤ ነገር ግን የመጀመሪያውን ደራሲ ሥራዎች ሳይጨርሱ ወደዚያ መሄድ አይመከርም። ቀጣዩ ጸሐፊ የመርማሪውን ጢምና አነጋገር በትክክል ሊቀዳ ይችላል፤ የሚያቅተው መርማሪውን ማሳሳት ነው፤ የሌላ ሰው ንብረት ስለሆነ ይፈራለታል።

እኔ ስድስተኛው ላይ ነኝ፤ ጓደኛዬ ሁለተኛው ላይ ነው። ሳላበላሽበት እንዴት እንወያይ?

ከሁሉም ጥያቄ ከባዱ ይህ ነው፤ በተከታታይ መጻሕፍት የሚያበላሸው የገዳዩ ስም ብቻ አይደለምና። አንድ ገጸ ባሕርይ በስድስተኛው መጽሐፍ ውስጥ መኖሩን መናገር በሁለተኛው ከተሰነዘረበት ጥይት መትረፉን መናገር ነው። የመርማሪውን ሚስት ስም መጥቀስ ከሦስቱ ሴቶች የትኛዋን እንደሚያገባ መግለጥ ነው። ደራስያኑም አንዳንዴ ይበድሉናል፤ በኋለኛው መጽሐፍ «እንደዚያ እንደ ሐኪሙ ጉዳይ እንዳትሳሳት» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ያስገቡና የቀድሞውን መጽሐፍ ፍጻሜ ያፈርሱታል።

እኛ የምንከተለው ልማድ ወደ ኋላ ያለው ሰው እንዲናገር፣ ወደ ፊት የሄደው እንዲጠይቅ ነው። «ማንን ጠረጠርህ? ለምን?» ማለት ይፈቀዳል፤ በመልሱ ላይ ፊትን መለወጥ ግን አይፈቀድም፣ ይህም ከሚመስለው በላይ ከባድ ነው። ስለ ጉዳዩ ሳይሆን ስለ አጻጻፉ፣ ስለ ከተማው አሣሣል፣ ስለ መርማሪው ጠባይ መነጋገር ሁለቱንም አይጎዳም። «አልናገርም እንጂ፣ ያንን ሰውዬ ብዙ አትውደደው» የሚሉት ምክር ግን ሁሉን ነገር መናገር ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው በእኛ ዘንድ ቀጣዩን ቅጽ የሚዋሰው ከሁሉም መጨረሻ ነው።